ልጣጩ አሲድ ይሆናል፤ በረኪና ግን አይሆንም

ታይላንድ ውስጥ ተጀምሮ ወደ ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ትምህርት ቤቶች የተዛመተ አንድ ልማድ አለ። የብርቱካን፣ የፓፓያና የአናናስ ልጣጭ ተሰብስቦ በጀሪካን ይቦካል፤ ፈሳሹን «ኢኮ ኢንዛይም» ይሉታል። ቀመሩ 1 እጅ ጥቁር ስኳር ወይም ሞላሰስ፣ 3 እጅ ልጣጭና 10 እጅ ውሃ ሲሆን፣ ከዚያ 3 ወር መታገሥ ነው። ፈሳሹ ሁሉን ያጸዳል፣ አልፎ ተርፎም የኦዞንን ንጣፍ ይጠግናል የሚሉ አሉ። የኦዞኑ ነገር ተረት ነው። የጽዳቱ ግን ግማሽ እውነት ስላለበት ሊመረመር ይገባዋል።

የጣለው ጠጅ ሲቆይ የኮመጠጠበት ሰው በጀሪካኑ ውስጥ የሚሆነውን ያውቀዋል። እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ አየር ሲገኝ ደግሞ ባክቴሪያዎች አልኮሉን አሴቲክ አሲድ ያደርጉታል። ይህ አቸቶን የሚያኮመጥጠው አሲድ ነው። ስሙ ኢንዛይም ይሁን እንጂ የጽዳቱን ዋና ሥራ የሚሠራው ይኸው አሲድ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ፈሳሹ ሲያርፍበት ትንንሽ አረፋ እያወጣ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ለቧንቧና ለመስታወት እድፍም ይበጃል። የረጋ ቅባት ላይ ግን ሳሙናን አያህልም። የአሲዱ መጠን ከጀሪካን ጀሪካን ስለሚለያይም ጀርም ገዳይ ብሎ መተማመን አይቻልም፤ የሽንት ቤቱ ሥራ የበረኪና ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል ከዚህ አያድንም።

ጠንካራው ተቃውሞ የስኳሩ ነው። ለ10 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስኳር መጨመር፣ ምግብ እንዳይባክን ተብሎ ምግብ ማባከን አይደለም? ነው። ስለዚህ የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሆነው ሞላሰስ ይመረጣል፤ እሱ ከሌለ ልጣጩን በአቸቶ መዘፍዘፍ ይሻላል። ቆሻሻውም ቢሆን አይጠፋም፤ ዝቃጩ በመጨረሻ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ መሄዱ አይቀርም። እንዲያውም ዓላማው ብክነትን መቀነስ ብቻ ቢሆን ልጣጩን በቀጥታ ኮምፖስት ማድረግ ይቀላል። አቸቶ ገዝቶ መገላገል ይቻላል ለሚልም መልሱ ትምህርቱ ነው፤ አንዱን ጀሪካን በሞላሰስ፣ ሌላውን ያለ ሞላሰስ አቡክቶ አሲድነታቸውን በየሳምንቱ በፒኤች (pH) ወረቀት የሚለካ ተማሪ ኬሚስትሪን በዓይኑ ያያል።

ይህን የምትሞክሩ መምህራን፣ የብርጭቆ ጠርሙስ አትጠቀሙ፤ ጋዙ ሊያፈነዳው ይችላል። በመጀመሪያው ወር የፕላስቲኩን ክዳን በየቀኑ ላላ አድርጉለት፤ ጀሪካኑ ላይም «አሲድ፤ ከበረኪና ጋር አይቀላቀል» ብላችሁ ጻፉ።