በገዛ ደማችን ስለሚታከም የመንጋጋ አጥንት





እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት የምተዳደር ባለ ደመወዝ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ የመንጋጋ ጥርሴ ስለ ተነቀለ፥ በምትኩ ኢምፕላንት የሚባለውን ለማስተከል ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። በዚያም «ከክንድዎ ጥቂት ደም ቀድተን፥ በመኪና አዙረን በጥርሱ ሥር ብናኖረው አጥንትዎ ቶሎ ይበቅላል» ተባልኩ። የተጠየቅሁት ተጨማሪ ዋጋ ከወር ደመወዜ ይበልጥ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ መሆኔንና ሲጋራ ማጨሴን ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

ለገንዘቡ ብድር ከመግባቴ በፊት፥ የማውቃቸውን አንድ አረጋዊ የጥርስ ሐኪም አማከርሁ። ከእርሳቸው የሰማሁትንና ኋላም አንብቤ የተረዳሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

ኢምፕላንት ማለት በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ብሎን ነው። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ብሮነማርክ ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ የተገነዘቡት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ሲሆን፥ በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ተከሉ። ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል።

በደማችን ውስጥ ደግሞ ፕላትሌት ወይም አርጊ የሚባሉ ደቃቅ ሕዋሶች አሉ። በጤናማ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛሉ። ሥራቸው ደም ማርጋት ብቻ አይደለም፤ ቁስል የሚጠግኑትን ሕዋሶች የሚያበረታቱ ንጥረ ነገሮችንም ያፈልቃሉ። ስለዚህ በ1998 አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ማርክስና ባልደረቦቻቸው አርጊ የበዛበትን የደም ፈሳሽ ለመንጋጋ ከተተከለ አጥንት ጋር የመጠቀምን ውጤት አስታወቁ። በ2001 ደግሞ በፈረንሳይ ዶክተር ሹክሩንና ባልደረቦቻቸው ቀለል ያለ መንገድ አቀረቡ፤ ይኸውም እንዳይረጋ መድኃኒት ያልገባበትን ደም ወዲያው በሴንትሪፊዩጅ 10 ደቂቃ ያህል አዙሮ፥ በቱቦው መካከል የሚገኘውን ርጋታ መጠቀም ነው።

ታዲያ ይህ አጥንት ያበቅላልን? ድድ ቶሎ እንዲድንና ሕመሙ እንዲቀል ይረዳል፤ ብሎኑም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠንከር ብሎ እንዲቆም ጥቂት እንደሚያግዝ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ስለ አጥንቱ ግን የጥናቶቹ ውጤት እርስ በርሱ አይስማማም። ከአርጊው የሚፈልቀው ንጥረ ነገር የሚቆየው ቢበዛ ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ አጥንት ግን የወራት ሥራ ነው። ሐኪሙ «ይህ ፍግ ነው እንጂ ዘር አይደለም፤ መሬቱ ካልተሰናዳ ፍግ ብቻውን አዝመራ አይሆንም» አሉኝ።

የእኔ መሬት ያልተሰናዳው በስኳሬና በሲጋራዬ ነበር፤ ሁለቱም የአጥንቱን መዋሐድ ይጎዳሉና። ስለዚህ አራት ወር ታግሼ ስኳሬን አስተካከልሁ፤ ሲጋራውንም ተውሁ። ከዚያ በኋላ ኢምፕላንቱን ከእኒሁ ሐኪም ዘንድ አስተከልሁ። እርሳቸውም ለድዴ ብለው ከደሜ የወጣውን ርጋታ በመጠነኛ ዋጋ አኖሩልኝ። ዛሬ ጥርሴ ጸንቶ ቆሟል። ይህ የሆነው በአርጊው ነው ለማለት ግን አልደፍርም።

እንግዲህ የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፥ እንዲህ ያለ ሕክምና ሲቀርብላችሁ፥ ለድዱ ነው ወይስ ለአጥንቱ? ያለ እርሱስ ቢቀር ምን ይጎድላል? ብላችሁ ጠይቁ። ስኳራችሁንና ሲጋራችሁንም ሳትጠየቁ ተናገሩ። የሕክምና ባለሙያዎችም ዋጋውን ከመንገራቸው በፊት፥ የሚያደርገውንና የማያደርገውን በግልጽ ቢያስረዱን ውለታቸው ትልቅ ነው።


አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ