የዝናብ ትንበያና የጋራ ግጦሽ፤ የአካባቢ ሳይንስ በአፍሪካ ቀንድ ለመንግሥት ውሳኔ የሚሰጠው አገልግሎት

ደመና የአገር ወሰን አያውቅም። በባሌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በዋቢ ሸበሌና በገናሌ ወርዶ የሶማሊያን ሜዳ ያጥለቀልቃል፤ በቦረና ሣር ሲጠፋ ከብቱ ወደ ኬንያ ይሻገራል፤ በዚያም ሲጠፋ ወደ ቦረና ይመለሳል። ስለዚህ በአፍሪካ ቀንድ የሚገኝ አንድ መንግሥት በራሱ ወሰን ውስጥ የወረደውን ዝናብ ብቻ ለክቶ ሕዝቡን ከድርቅና ከጎርፍ ለመጠበቅ ቢነሣ ሥራው ግማሽ ሆኖ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የአካባቢው አገሮች በኅብረት የሚያካሂዱት የአየር ጠባይ ጥናት እንዴት እንደሚሠራ፣ ከመንግሥት ውሳኔ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ በመካከሉ ያለው ክፍተትም የቱ ላይ እንደ ሆነ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1ኛ፤ የኅብረቱ ጥናት አመሠራረት

ከ1984 እስከ 1985 ከደረሰው ታላቅ ረኃብ በኋላ የአካባቢው መንግሥታት ድርቅን በኅብረት መቋቋም እንደሚገባቸው ተረድተው በ1986 ዛሬ ኢጋድ የሚባለውን ድርጅት በጂቡቲ አቋቋሙ። በ1989 ደግሞ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የድርቅ መከታተያ ማዕከል በናይሮቢ ተከፈተ። ይህ ማዕከል በ2003 በኢጋድ ሥር ሆነ፤ ኋላም ኢክፓክ ተባለ።

የማዕከሉ ዋና ሥራ ከ1998 ጀምሮ በሚደረገው የአየር ጠባይ ጉባኤ ላይ ይታያል። ጉባኤው ከየዝናቡ ወራት በፊት፣ ይኸውም በዓመት ሦስት ጊዜ ይሰበሰባል። ከሱዳን አንሥቶ እስከ ታንዛኒያ ድረስ ያሉ አገሮች የሜቴዎሮሎጂ ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው የየአገራቸውን መረጃ ይዘው ይመጡና ተከራክረውና ተመካክረው አንድ የጋራ ካርታ ያወጣሉ። የእርሻ፣ የውሃ፣ የጤናና የአደጋ መከላከል ባለሙያዎችም በዚያው ተገኝተው ካርታው ለየሥራቸው ምን ማለት እንደ ሆነ ይጠይቃሉ።

2ኛ፤ ትንበያው የሚዘጋጅበት ዘዴ

የሚመጣው ወቅት ዝናብ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በፊት የሚገመተው ሰማይን በመመልከት ሳይሆን የባሕርን ሙቀት በመለካት ነው። የባሕር ውሃ የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም በዝግታ ስለ ሆነ ዛሬ የሚታየው ሙቀት ለወራት ይቆያል፤ በቆየም ጊዜ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስና እርጥበቱን ወዴት እንደሚወስድ ይወስናል። ለአካባቢያችን ዋና የሆኑት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ኤልኒኞና ላኒኛ የሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ መሞቅና መቀዝቀዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሕንድ ውቅያኖስ ምሥራቅና ምዕራብ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ያው አንዱ ኤልኒኞ በሁለት ወቅቶች ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳያል። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱን ዝናብ ሲቀንስ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር የሚጥለውን ዝናብ ግን ያበዛል። በ2015 የኢትዮጵያ ክረምት ሲበላሽ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ፤ በ1997 መጨረሻ ደግሞ ያው ዓይነት ክሥተት በሶማሊያና በኬንያ ከባድ ጎርፍ አመጣ። ላኒኛ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። እንግዲህ «ዘንድሮ ኤልኒኞ ነው» የሚለው ወሬ ብቻውን ለማንም አይጠቅምም፤ በየትኛው አገርና በየትኛው ወር የሚለውን ለይቶ የሚያስረዳ የአካባቢ ጥናት ያስፈልጋል።

ትንበያው ጉድለት የሌለበት አይደለም። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያለው ዝናብ ከባሕሩ ሙቀት ጋር የጠበቀ ግንኙነት ስላለው በደኅና ሁኔታ ይገመታል፤ ከማርች እስከ ሜይ ያለው ግን ግንኙነቱ የላላ በመሆኑ አስቸጋሪ ነው።

3ኛ፤ ዕድልን ወደ ውሳኔ መለወጥ

ካርታው «ዝናብ ይጠፋል» ወይም «ይዘንባል» ብሎ አይናገርም። ያለፉት ሠላሳ ዓመቶች ዝናብ በመጠኑ ተደርድሮ አሥሩ ደረቅ፣ አሥሩ መካከለኛ፣ አሥሩ እርጥብ ተብሎ ይከፈላል። ምንም የተለየ ምልክት በሌለበት ጊዜ ለእያንዳንዱ ክፍል ያለው ዕድል ከመቶ 33 ያህል ነው። የባሕሩ ሁኔታ ወደ ድርቅ ሲያዘነብል ለምሳሌ የደረቁ ክፍል ዕድል ከመቶ 45 ይሆናል። ታዲያ አንድ ባለሥልጣን «ከመቶ 55 ድርቅ ላይመጣ ይችላልና እንጠብቅ» ቢል ትክክል ነውን?

ነገሩን በቀላል ሒሳብ እንመልከተው። እህልና መኖ አስቀድሞ ለማዘጋጀት 1 ብር ያስፈልጋል፤ ድርቁ ሳይዘጋጁ ቢደርስ ደግሞ ዝግጅቱ ሊያድነው ይችል የነበረ የ4 ብር ጉዳት ይደርሳል እንበል። በዚህ ሒሳብ የድርቁ ዕድል ከመቶ 25 በለጠ ማለት መዘጋጀት ይሻላል ማለት ነው፤ 45 ከሆነማ ጥያቄ የለውም። ድርቁ ሳይመጣ ቢቀርም የወጣው ገንዘብ እንደ ባከነ አይቆጠርም። ሳይንሱ ዕድሉን ይናገራል፤ ከየትኛው ዕድል በላይ ገንዘብ ይውጣ የሚለውን መወሰን ግን የመንግሥት ፈንታ ነው። ይህ ወሰን አስቀድሞ ካልተቆረጠ ትንበያው በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

ይህም በእውነት ደርሷል። በ2010 መካከል ላኒኛ በታየ ጊዜ ባለሙያዎች ከኦገስት ጀምሮ አስጠንቅቀው ነበር። በሶማሊያ ረኃብ መግባቱ የታወጀው ግን በጁላይ 2011 ነው፤ ብዙው ርዳታ የመጣውም ከዚያ ወዲህ ነው። ኋላ በተደረገው ጥናት በሶማሊያ ወደ 258,000 የሚሆን ሕዝብ እንዳለቀ ተገምቷል። በእርግጥ ጦርነቱም ርዳታውን አግዶ ነበር፤ ነገር ግን በማስጠንቀቂያውና በሥራው መካከል አንድ ዓመት ለመቅረቡ ሳይንሱ ተጠያቂ አይደለም።

መንግሥታቱ ከዚህ ተምረው በሴፕቴምበር 2011 በናይሮቢ ተሰብስበው ድርቅን አስቀድሞ ለመቋቋም የጋራ ዕቅድ አወጡ። በሰሜን ኬንያም በሳተላይት የሚለካው ሣር ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ለችግረኛ ቤተ ሰቦች ተጨማሪ ገንዘብ ሌላ ስብሰባ ሳያስፈልግ እንዲደርስ የሚያደርግ ሥርዐት ተዘርግቷል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በተበላሹ ጊዜ፣ ኢክፓክና ሌሎች ድርጅቶች አምስተኛው ወቅት ገና ወራት ሲቀሩት በሜይ 2022 በጋራ አስጠነቀቁ። ይፋ የረኃብ ዐዋጅ ሳይደርስ ቀረ፤ ሆኖም በሶማሊያ በ2022 ብቻ ወደ 43,000 የሚሆን ሰው ከወትሮው በላይ እንደ ሞተ፣ ግማሹም ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደ ሆኑ ተገምቷል። መሻሻሉ ግልጽ ነው፤ በቂ እንዳልሆነም ግልጽ ነው።

4ኛ፤ የጋራ ግጦሽና ውሃ

ድርቅ በመጣ ጊዜ አርብቶ አደሩ ያለው ትልቁ መከላከያ መንቀሳቀስ ነው። ከብቱን ሣር ወዳለበት ካልወሰደ ይሞትበታል፤ በወሰደም ጊዜ የሌላውን ግጦሽ ይነካል። ይህን ለመዳኘት ሕዝቡ የራሱ ሕግ አለው። ለምሳሌ በቦረና ጥልቅ የኤላ ጉድጓዶች ላይ ማን መቼ ከብቱን እንደሚያጠጣ የሚወስን አባ ሄረጋ የሚባል ኀላፊ አለ፤ እንግዳም ተራውን ጠይቆ ይጠጣል እንጂ በጉልበት አይገባም።

የኢጋድ ሚኒስትሮች በ2020 ከብት ወሰን ተሻግሮ እንዲሰማራ የሚፈቅድና ሥርዐት የሚያበጅ ፕሮቶኮል ተቀብለዋል። የግጭት ማስጠንቀቂያ ለመስጠት በ2002 የተቋቋመውና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ ያለው ሴዋርን የተባለው ክፍልም መጀመሪያ የተመለከተው በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በዛሬዋ ደቡብ ሱዳንና በኢትዮጵያ ወሰን የሚገኙትን የካራሞጃ አርብቶ አደሮች ነው። የዝናቡ ካርታ ከእነዚህ ጋር ሲጣመር ትልቅ ጥቅም ይሰጣል፤ ይኸውም ሣሩ የትኛው ወሰን ላይ እንደሚቀር አስቀድሞ ከታወቀ፣ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎችና አስተዳዳሪዎች ከብቱ ሳይነሣ ተገናኝተው መንገዱን፣ ውሃውንና የክትባቱን ነገር ሊስማሙበት ይችላሉ። ከብቱ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ንግግር ግን ብዙ ጊዜ በጠመንጃ ፊት የሚደረግ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የአካባቢው ሳይንስ ሦስት ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያ፣ አገሮች የዝናብና የወንዝ መለኪያቸውን ውጤት እንደ ምስጢር ሳይቆጥሩ እንዲለዋወጡ፤ ሁለተኛ፣ መንግሥታት በየትኛው ዕድል ላይ ገንዘብ እንደሚያወጡ ወቅቱ ሳይደርስ በሕግ እንዲቆርጡ፤ ሦስተኛ፣ ትንበያው በእረኛው ቋንቋ እንዲነገርና የእረኛው ዕውቀትም ወደ ጥናቱ እንዲገባ ነው። በምዕራብ ኬንያ ዝናብ በመገመት የታወቁት የንጋንዪ ጎሳ ሽማግሌዎች ከሜቴዎሮሎጂ ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው አንድ የጋራ ትንበያ ለሕዝቡ ማውጣታቸው ይህ እንደሚቻል ያሳያል።

የመጀመሪያው የመንግሥታት፣ ሁለተኛው የባለሥልጣኖች ሥራ ነው። ሦስተኛው ግን ቆላውን ተወልዶ የሚያውቀው፣ የአፋሩን፣ የሶማሌውን፣ የቦረናውን ቋንቋ የሚናገረው፣ የካርታውንም ቍጥር ማንበብ የሚችለው ተማሪ ሊያደርገው የሚችል ሥራ ነው። በዕረፍት ወራት ወደየአገራችን ስንሄድ ሽማግሌዎች ስለ ዝናብ ምልክት የሚሉትን ብንጽፍ፣ ትንበያው በየቀበሌው ደርሶ እንደ ሆነና ሰውም ምን እንዳደረገበት ብንጠይቅ፣ ለዚህ መጽሔትም ለጥናቱም የሚጠቅም ነገር ይዘን እንመለሳለን።