የጥቃቅን ቺፖች መቆሚያ፦ ብሬክአውት ቦርድ

ብሬክአውት ቦርድ እግሮቹ እጅግ የተጠጋጉ ቺፕን ተሸክሞ እያንዳንዱን እግር በቀጭን የመዳብ መስመር እየነጠለ፣ በእጅ ወደሚሰካ ወይም ወደሚበየድ ሰፊ ቦታ የሚያወጣ ትንሽ የሰርኪዩት ሰሌዳ ነው። ኤሌክትሮኒክስን በትርፍ ጊዜያቸው የሚሞክሩ ሰዎችና ተማሪዎች፣ በፋብሪካ ማሽን እንዲገጠም ታስቦ የተሠራን ቺፕ ጠረጴዛቸው ላይ ማሠራት የሚችሉት በአብዛኛው በዚህ ሰሌዳ አማካይነት ነው።

የሰሌዳው አስፈላጊነት የመጣው ከመጠን ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካው ፌርቻይልድ ኩባንያ የተነደፈው ባለሁለት ረድፍ የቺፕ ማቀፊያ፣ በተለምዶ ዲፕ የሚባለው፣ እግሮቹን በ2.54 ሚሊ ሜትር ርቀት አሰለፈ። ይህ የአንድ ኢንች አንድ አሥረኛ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ብሬድቦርድም ቀዳዳዎቹን በዚሁ ልክ ስለደረደረ፣ ቺፑን ከነእግሩ ሰክቶ፣ ሽቦ አገናኝቶ፣ ካልሠራ ነቅሎ እንደገና መሞከር ቀላል ሆነ። ብየዳ የማያውቅ ጀማሪ እንኳ በአንድ ከሰዓት መብራት ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ሰርኪዩት መሥራት ይችላል።

በ1980ዎቹ ግን ፋብሪካዎች ሌላ መንገድ ያዙ። የቺፑን እግር በቀዳዳ ከማሳለፍ ይልቅ በሰሌዳው ገጽ ላይ አስቀምጦ መበየድ ተስፋፋ። ቀዳዳ መብሳት ቀረ፤ የሰሌዳው ሁለት ገጽ ለዕቃ ዋለ፤ ማሽን በፍጥነት እያነሳ የሚያስቀምጠው ዕቃም እያነሰ ሄደ። እግሮቹ ስላጠሩ ፈጣን ሲግናሎች በተሻለ ሁኔታ ያልፋሉ። ስለዚህ ለውጡ የፋብሪካ ወጪን የመቀነስ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በዚህ አሠራር በአንጻራዊነት ሰፊ የሚባለው ኤስኦአይሲ የተባለው ማቀፊያ እግሮቹ በ1.27 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ቲኤስኤስኦፒ ላይ ርቀቱ ወደ 0.65 ይወርዳል፤ በአራቱም ጎን እግር ያላቸው ብዙ ማይክሮኮንትሮለሮች ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኪውኤፍኤን ጭራሹን የሚወጣ እግር የለውም፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ የብረት ማረፊያዎች ብቻ አሉት። ቢጂኤ ደግሞ መገናኛዎቹን በሙሉ ሆዱ ሥር በኳስ መልክ ይደብቃቸዋል። ዛሬ የሚወጡ አዳዲስ ሴንሰሮች አብዛኞቹ በዲፕ መልክ ጨርሶ አይሠሩም።

በገበያ ላይ ብሬክአውት የሚባሉት ሰሌዳዎች በሥራቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ልዩነቱን ሳያስተውሉ መግዛትም ኪሳራ ያመጣል። አንደኛው ባዶ አስማሚ ነው፦ ለአንድ የማቀፊያ ዓይነት የተዘጋጀ፣ ምንም ዕቃ የሌለበት፣ መስመሮች ብቻ የተሳሉበት ሰሌዳ። ቺፑን ገዝቶ መበየድ የተጠቃሚው ፋንታ ነው። ሁለተኛው ቺፑ ተበይዶበት፣ ቺፑ ለመሥራት የሚያስፈልጉት ዕቃዎችም ተሟልተውለት የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በኮሎራዶ የተመሠረተው ስፓርክፈንና በ2005 በሊሞር ፍሪድ የተመሠረተው የኒውዮርኩ አዳፍሩት ስማቸውን የገነቡት በአመዛኙ በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ሲሆን፣ የሰሌዳዎቻቸውን ንድፍም ለሕዝብ ክፍት አድርገው ያወጣሉ።

የሁለተኛው ዓይነት ሰሌዳ ምን እንደሚሠራ ለማየት ቢኤምኢ280 ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ የሙቀት፣ የእርጥበትና የአየር ግፊት ሴንሰር ነው። ጎንና ጎኑ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ከምስር ፍሬ ያንሳል። ከላይ በብረት ክዳን ተሸፍኗል፤ ክዳኑ ላይ አየር የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ አለ። ከሥሩ ስምንት ማረፊያዎች በ0.65 ሚሊ ሜትር ርቀት ተደርድረዋል። ይህንን ቺፕ ብቻውን ለያዘ ሰው ሽቦ የሚያያዝበት ቦታ የለውም።

ሰሌዳው መጀመሪያ የሚፈታው የኃይል ጉዳዩን ነው። ቺፑ የሚሠራው ከ1.71 እስከ 3.6 ቮልት ባለው ክልል ሲሆን ከ4.25 ቮልት በላይ ሊጎዳው ይችላል። ብዙ ጀማሪ የሚጀምርበት አርዱዊኖ ኡኖ ግን በ5 ቮልት የሚሠራ ነው። ስለዚህ በተሟላ ሰሌዳ ላይ ከቺፑ አጠገብ ቮልቴጁን ወደ 3.3 የሚያወርድ ትንሽ ሬጉሌተር ይገኛል። ከእሱ ቀጥሎ ካፓሲተሮች አሉ፤ በተለይ ባለ 100 ናኖፋራዱ ለቺፑ እግር እጅግ ቀርቦ ይቀመጣል። ቺፑ በድንገት ኃይል ሲስብ ረጅሙ ሽቦ በጊዜው አያደርስለትም፤ ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን ያቀብለዋል። ይህ ዕቃ ሲጎድል ሰርኪዩቱ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ እንዲህ ያለው ብልሽት ደግሞ ፈጽሞ ካለመሥራት የበለጠ ያደክማል።

ቀጥሎ የመነጋገሪያው መስመር ይመጣል። አይቱሲ በተባለው የመገናኛ ስልት ቺፖች መስመሩን ወደ ዜሮ ቮልት መጎተት እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችሉም፤ ወደ ላይ የሚመልሱት ሬዚስተሮች ናቸው። በሰሌዳው ላይ በብዛት 4.7 ወይም 10 ኪሎ ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች የሚቀመጡት ለዚህ ነው። ጥሩ ሰሌዳ ላይ ደግሞ በ5 ቮልት የሚመጣውን ሲግናል ለቺፑ ወደሚስማማ 3.3 ቮልት የሚያሸጋግሩ ትናንሽ ትራንዚስተሮች ይጨመራሉ። ርካሽ በሆኑት ላይ ሬጉሌተሩም ትራንዚስተሮቹም ላይኖሩ ይችላሉ። ሻጩ ባይነግርም ሰሌዳውን በማጉያ መነጽር ማየት ይበቃል፦ ከቺፑ ሌላ ሁለት ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ብቻ ካለ፣ ሰሌዳው 5 ቮልት አይችልም።

ለአንድ ሰሌዳ የተመቸው ነገር ሰሌዳዎች ሲበዙ ጣጣ ይሆናል። ባለ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያላቸው አምስት ሰሌዳዎች በአንድ መስመር ላይ ቢገናኙ፣ ሬዚስተሮቹ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ድምር ውጤታቸው ወደ 940 ኦም ይወርዳል። በ3.3 ቮልት መስመሩን ወደ ታች መጎተት ያኔ 3.5 ሚሊአምፔር ያህል ይጠይቃል፤ የስልቱ መደበኛ ደንብ ግን ከአንድ ቺፕ የሚጠብቀው 3 ሚሊአምፔር ነው። መፍትሔው ከአንዱ ወይም ከሁለቱ በስተቀር የሌሎቹን ሬዚስተሮች ማንሳት ነው። አንዳንድ ሰሌዳዎች ለዚሁ ተብሎ በምላጭ የሚቆረጥ ቀጭን መስመር ይተውላቸዋል። የአድራሻ ጉዳይም አለ፦ ቢኤምኢ280 በሄክሳዴሲማል 76 ወይም 77 ብቻ ነው የሚጠራው፤ ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ ያለ ተጨማሪ ዕቃ ከሁለት በላይ ማገናኘት አይቻልም።

ገዢን የሚያሳስተው ሌላው ነገር የቺፑ ማንነት ነው። እርጥበትን የማይለካው ታናሽ ወንድሙ ቢኤምፒ280 በቢኤምኢ280 ስም ተሽጦ መገኘቱ የታወቀ ነው። ለዓይን ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ የቢኤምፒ280 ክዳን በአንድ ጎን ይረዝማል፣ የቢኤምኢ280 ክዳን ጎኖቹ እኩል ናቸው። የማያሻማው ግን የቺፑ መለያ ቁጥር ሲሆን፣ በፕሮግራም ሲጠየቅ ቢኤምኢ280 በሄክሳዴሲማል 60፣ ቢኤምፒ280 ደግሞ 58 ብሎ ይመልሳል።

ሴንሰሩ አዲስ አበባ ላይ ሲበራ ከ760 እስከ 780 ሄክቶፓስካል አካባቢ ያነባል። በመጽሐፍ ላይ 1013 የሚለውን ያየ ጀማሪ ቺፑ ተበላሽቷል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ 1013 ግን የባሕር ጠለል መደበኛ ግፊት ነው፣ ከተማዋ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የሙቀቱ ንባብ ከክፍሉ በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ከበለጠ ግን ጥርጣሬው ተገቢ ነው። በዚያች ጠባብ ሰሌዳ ላይ ሬጉሌተሩ ይሞቃል፣ አጠገቡ ያለ የዋይፋይ ቺፕም ይሞቃል፤ ሴንሰሩም የነሱን ሙቀት ይጨምርበታል። በመካከላቸው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሽቦ መዘርጋት ብዙውን ያስተካክላል።

ባዶ አስማሚ የመረጠ ሰው መበየድን መልመድ አለበት፤ እንደሚፈራው ግን አይደለም። ለ0.65 ሚሊ ሜትር እግሮች ቀጭን ጫፍ ካለው መበየጃ ይልቅ ፍላክስ የተባለው የብየዳ ማገዣ ቅባት የበለጠ ይጠቅማል። መጀመሪያ አንደኛውን እግር የሚያመለክተው ነጥብ ከሰሌዳው ምልክት ጋር ይገጥማል። ከዚያ አንድ የማዕዘን እግር ብቻ ይበየዳል፤ ቺፑ ካዘመመ ያንኑ እግር አቅልጦ ማቃናት ይቻላል። ተቃራኒው ማዕዘን ሲያዝ ፍላክስ በረድፉ ላይ ይቀባል፣ ትንሽ ቆርቆሮ የያዘው መበየጃም በእግሮቹ ላይ በዝግታ ይሳባል። የቀለጠው ብረት ከፕላስቲኩ ይልቅ ወደ መዳቡ ስለሚስብ በየእግሩ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ሁለት እግሮች ቢያያዙ በመዳብ ጥልፍ ይመጠጣል። ሊድ ያለበት የተለመደው የቆርቆሮ ቅይጥ በ183 ዲግሪ ሲቀልጥ፣ ሊድ የሌለበት 217 አካባቢ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ የመጀመሪያው ይቀላል፤ ጭሱን አለመሳብና እጅን መታጠብ ግን ግዴታ ነው።

እግር የሌላቸው ቺፖች ላይ መበየጃ ብቻውን አይበቃም። የቅይጡ ሊጥ በማረፊያዎቹ ላይ ይቀባና ቺፑ ተቀምጦ በሞቃት አየር ይቀልጣል፤ ሞባይል ጠጋኞች ብሎወር የሚሉት ዕቃ ይህንኑ ይሠራል። ሊጡ ሲቀልጥ የፈሳሹ ውጥረት ቺፑን ራሱ ስቦ ወደ ቦታው ያመጣዋል። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ያለው እንደ ቢኤምኢ280 ያለ ሴንሰር ግን ከብየዳ በኋላ በፈሳሽ መታጠብ የለበትም።

ብሬክአውት የማይረዳባቸው ሰርኪዩቶችም አሉ። የብሬድቦርድ ጎረቤት ረድፎች በመካከላቸው ጥቂት ፒኮፋራድ አቅም አላቸው፣ ረጅም ሽቦም ኢንዳክታንስ ይጨምራል። ለሙቀት ሴንሰር ይህ ምንም አይደለም። በሴኮንድ መቶ ሺህዎችና ሚሊዮኖች ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ የኃይል መቀየሪያ ቺፕ ግን ካፓሲተሩና ኮይሉ በሚሊ ሜትሮች ርቀት ካልተቀመጡለት ይረበሻል፤ እንዲህ ያለው ቺፕ በባዶ አስማሚ ላይ ተሰክቶ ቢታወክ ጥፋቱ የቺፑ አይደለም። የሬዲዮ ቺፖችም እንዲሁ ናቸው፤ ከነአንቴናቸው በተዘጋጀ ሞጁል መልክ መግዛት ይሻላል።

ሙከራው ተሳክቶ የራስን ሰሌዳ መንደፍ ሲመጣ፣ ክፍት የሆነው የብሬክአውቱ ንድፍ መነሻ ይሆናል። ኪካድ በመሰለ ነፃ ሶፍትዌር ቺፑ፣ ካፓሲተሮቹና ሁለቱ ሬዚስተሮች እንዳሉ ይወሰዳሉ። ማይክሮኮንትሮለሩ ራሱ በ3.3 ቮልት የሚሠራ ከሆነ የሲግናል አሸጋጋሪዎቹ ትራንዚስተሮች ይቀራሉ፤ የሴንሰሩ የብቻ ሬጉሌተርም ወጥቶ አንዱ ሬጉሌተር ለሁሉም ያገለግላል።