«ሞተሩ ነዷል» ሲሉዎት

ከእኔ ሰማሁ እንዳይሉ እንጂ፣ ባሕር ዳር ውስጥ «ሞተሩ ነዷል፣ መቀየር ነው ያለበት» የተባለለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ብዙ ጊዜ ሞተሩ ደኅና ነው። ጎማው መሐል የተቀመጠው ያ ክብ ሞተር ከብስክሌቱ ዕቃ ሁሉ ቻዩ እሱ ነው፤ ውስጡ በዋናነት የመዳብ ጥቅል፣ ማግኔትና ኩሺኔታ እንጂ የሚፋተግ ካርቦን እንኳ የለውም። ጥፋቱ እሱ ላይ የሚለጠፈው ውድ ስለሆነና ባለቤቱም ከፍቶ ስለማያየው ነው።

እኛ ጥገና ቤት ብስክሌቱ ሲገባ መጀመሪያ የምንነካው የፍሬን እጀታውን ነው። እዚያ ውስጥ ፍሬን ሲያዝ ኃይል የምትቆርጥ ትንሽ ማብሪያ አለች። እጀታው ወድቆ ከተጣመመ ወይም አቧራ ይዞት በደንብ ካልተመለሰ፣ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው ኮንትሮለር ፍሬን እንደተያዘ ቆጥሮ ለሞተሩ ምንም አይልክም። ፍሬኑን ሳይነኩት የኋላው ቀይ መብራት ከበራ ይጠርጥሩ። የማብሪያዋን ቀጭን ሶኬት ነቅለን ጎማው ከዞረ በሽታው ታወቀ። ለዚህ ሥራ የሚጠየቀውን ሒሳብ ግን አልነግርዎትም።

ቀጥሎ ባትሪው። ባለ 48 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 54.6 ያሳያል፤ ቆሞ ሲለካ ሁሉም ጀግና ነው። ቴስተሩ ተሰክቶ እያለ የፍጥነት እጀታው ይዙር፤ ቁጥሩ ወደ 40 ከተንደረደረና ስክሪኑ ከጠፋ፣ ያለቀው ባትሪው ነው፤ ወይም የባትሪው መቀመጫ ላይ ያለው መገናኛ ዝጓል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ከሞተሩ የሚወጡ ሦስት ወፍራም ሽቦዎች አሉ፤ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ጎማው እንደ ፍሬን ተይዞ አልዞርም ካለ፣ ሦስቱን ከኮንትሮለሩ ነቅለው በእጅ ያዙሩት። ከለቀቀ የነደደው ኮንትሮለሩ ነው፤ ውስጡ ያለ፣ ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋ ሞስፌት ሾርት አድርጓል። ነቅለውትም ከከበደ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ተነካክተዋል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሚነካኩት ሽቦው በአክሱ ቀዳዳ በኩል ወደ ሞተሩ በሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ዳዶው ይላላል፣ አክሱ ባለበት ይሽከረከራል፣ ሽቦውን ይቆርጠዋል። ይህን ሳያይ አዲስ ኮንትሮለር የገጠመ ባለሙያ፣ ያንኑ አዲሱን በደቂቃ ውስጥ ሊያነደው ይችላል። ከዚያ ለባለቤቱ ምን እንደሚነገር ይገምቱ፦ «አየህ፣ ሞተሩ ነው እኮ የበላው!»

ጥቅሉ ደኅና መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም። ከተነቀሉት ወፍራም ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ እያገናኙ ጎማውን ወደ ኋላ ያዙሩት። ሦስቱም ጥንድ እኩል ከከበደ መዳቡ ሰላም ነው።

ሞተሩ ከቆመበት መነሳት አቅቶት ገር ገር ካለ፣ ሲገፉት ግን ከሄደ፣ የጠፋው የማግኔቱን አቀማመጥ ለኮንትሮለሩ የሚነግረው ሆል ሴንሰር ነው። ጋይንት ቤተ ልሔም ያሉ የድጓ መምህር ተማሪው የሳታትን አንዲት ምልክት በጆሯቸው እንደሚይዙ፣ የለመደ ሠራተኛም ይህን ድምፅ ከበር ላይ ይለየዋል። ማረጋገጫው፣ የሴንሰሩ ሶኬት እንደተሰካ ባትሪውን አብርቶ የቴስተሩን ጥቁር በቀጭኑ ጥቁር ሽቦ፣ ቀዩን በሦስቱ ቀጫጭን የምልክት ሽቦዎች በየተራ ማሳረፍ ነው። ጎማው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲዞር ሦስቱም 0 እና 5 ቮልት አካባቢ መመላለስ አለባቸው። አንዱ ካልተንቀሳቀሰ፣ የሚቀየረው ሦስት እግር ያላት ቅንጣት ዕቃ ናት፤ ፊቷ እንደ አሮጌዋ ተደርጎ ይጣበቅና በስታኞ ይያያዛል። ሙሉ ሞተር ተቀይሮ ሲወጣ ያየሁት ብዙ ጊዜ ለዚህች ነው።

የእኛ አገር ዳገት ግን ሌላ ነገር አለው። ከወረታ ተነስቶ በዓለም ሳጋ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ጉናን ታክኮ ወደ ጋይንት የሚወጣ ሰው፣ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሙሉ ኃይል ይስባል፤ ከዚያ ብዙ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ትንሹ ዓይነት ሞተር ውስጥ ደግሞ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ ሲግሉ ይለሰልሳሉ፣ ከዚያ ይላጣሉ። ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ካልዞረ እነሱ ናቸው፤ ጥርሱ ለብቻው ይቀየራል። ዳገት ላይ በፔዳል ያግዙት፣ በእጅ ሲነኩት ካቃጠለ ያቁሙት። ጉና ሥር ውርጭ ላይ ያደረ ባትሪም ቤት ገብቶ ሳይሞቅ ቻርጅ አይሰካበትም፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች የተሞላ ሊቲየም ይጎዳል።

በእውነት የነደደ ሞተር ሲከፈት የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል፣ መዳቡም ጠቁሮ ይታያል። «ፊቴ ይከፈት» ይበሉ። ነዷል ከተባለም አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ «ምን ያደርግልዎታል፣ ለቁራሌው እንሰጥልዎታለን» ካሉዎት በተለይ ይዘው ይሂዱ።