ቆሻሻን ከምንጩ መለየት የከተማን ሀብት ከብክነት ያድናል

ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ቁሳቁስ ከአገልግሎት በኋላ በሁለት አቅጣጫ ይጓዛል። ከፊሉን ቆራሌዎች ሰብስበው መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደርሱታል፤ በዚያም ጣሳው የከሰል ምድጃ ሆኖ እንደገና ለገበያ ይቀርባል። ቀሪው ሳይለይ ተደባልቆ ለአሥርተ ዓመታት ረጲ አካባቢ በሚገኘው ቆሼ ሲከመር ቆይቷል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ዜጎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከደረቅ ቆሻሻ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ በሥፍራው ተመርቋል።

ይሁን እንጂ ማቃጠል መጠኑን ቢቀንስም ቁሳቁሱን አይመልስም፤ እርጥብ የምግብ ትራፊም የሚገኘውን ሙቀት ያሳንሳል። በመሆኑም እርጥቡን ለኮምፖስት፣ ወረቀትና ፕላስቲኩን ለፋብሪካ ግብዓት ለማዋል ልየታው ከምንጩ መጀመር ይኖርበታል። ያገለገለ ወረቀት በብዛት የሚከማችባቸው መሥሪያ ቤቶችም በዚህ ረገድ አርአያ እንዲሆኑ ይጠበቃል።