በባዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ማዕርግ ለማግኘት ስለሚጠየቀው ሥራ

በአገር ቤት ትምህርት ማዕርግ የሚሰጠው ተማሪው ለተቀመጠበት ዘመን ብዛት ሳይሆን በመምህሩ ፊት ላሳየው ሥራ መሆኑን የማያውቅ ሊቅ የለም። ንባብ ያልጸናለት ልጅ ዳዊት አይደግምም፤ ዳዊት ያልደገመ ወደ ዜማ ቤት አይሻገርም፤ ቅኔ ያልተቀኘም ሰው ከመጻሕፍት ቤት ገብቶ ትርጓሜ ልማር ቢል መንገዱ እጅግ ይከብደዋል። የዘመናዊው ትምህርት ደረጃም በዚሁ ሥርዓት የሚሄድ ነው። ዳሩ ግን ሥርዓቱ ለብዙ ሰው ግልጽ ስላልሆነ፥ አንድ መምህር «ማስተርስ ያዘ» በተባለ ጊዜ ምን ሠርቶ እንዳገኘው ሳይጠየቅ ደመወዙ በምን ያህል እንደ ጨመረ ብቻ ሲጠየቅ ይሰማል።

በአዊ ዞን ባለችው በአዘና ከተማና በዙሪያዋ ይህ ነገር ከወሬ ያለፈ ጉዳይ ነው። የአዊ አገር ዝናሙ የበዛ፥ ቀርከሃው የደረጀ፥ እሳተ ገሞራ በቆፈረው ጎድጓዳ ውስጥ እንደ ዘንገና ያሉ ሐይቆች የተኙበት አገር ነው። በዚህ ምድር የሚበቅለውን ዛፍና ሣር፥ የሚበረውንና የሚሳበውን ፍጥረት በየስሙ የሚጠራ ገበሬ ብዙ ነው። ዛፉ ለምን እንደ ደረቀ፥ ምንጩ ለምን በሽታ እንዳመጣ መርምሮ በጽሕፈት የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ማዕርጉ የሚጠይቀውን ሥራ ማወቅ፥ መምህሩን ለትምህርት ለሚልኩት ሹማምንትም ሆነ ተመራማሪውን በደብራቸው ደጅ ለሚቀበሉት ካህናት የሚጠቅም ነው።

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት በር የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተቋቋመ ጊዜ ነው። ይህም ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. ከሌሎቹ ኮሌጆች ጋር ተባብሮ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተሰየመ። ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ ያለውን ትምህርት የሚመራው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ግን የተቋቋመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ነው። ከዚያ አስቀድሞ ከፍ ያለውን ማዕርግ የፈለገ ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው ባሕር መሻገር ነበረበት። ዛሬ ግን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በልዩ ልዩ ክፍለ አገር ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሎጂን በዚህ ደረጃ ያስተምራሉ። ለአዘና ሰው ባሕር ዳር በአንድ ቀን መንገድ የሚደረስ ነው፤ በራሱ በአዊ ምድርም በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል። ርቀት የቀድሞውን ያህል ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ወደዚህ ትምህርት የሚገባ ሰው አስቀድሞ በባዮሎጂ ወይም ለእርሱ በሚቀርብ የትምህርት ዐይነት የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያውን ዲግሪ የሚጨርስ ተማሪ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ከመቶ ቢያንስ 50 እንዲያገኝ ተደንግጓል። ለሁለተኛው ዲግሪ የሚያመለክተውም፥ ከ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን አንሥቶ ትምህርት ሚኒስቴር ያዘጋጀውን አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንዲያልፍ ሆኗል። ይህ ፈተና ተማሪው የሸመደደውን ያህል የማስተዋል፥ የቍጥርና የቋንቋ ችሎታውን የሚመዝን ነው። አንዳንድ መምህር ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖት በገጠር ትምህርት ቤት ሲያስተምር ስለ ቈየ ከዚህ ፈተና ፊት ይደነግጣል፤ ድንጋጤውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ለብዙ ዘመን በትዕግሥት ያስተማረ ሰው፥ ትናንት ከተመረቀው ወጣት ይልቅ የሚያውቀውን ነገር አሳምሮ ማስረዳት ይችላልና ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም።

ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ ልማዱ ሁለት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት በክፍል ውስጥ ትምህርት ያልፋል። ተማሪው ከባዮሎጂ ቅርንጫፎች አንዱን ይይዛል፤ ይኸውም ሥነ ዕፅዋት፥ ወይም ሥነ እንስሳት፥ ወይም በዐይን የማይታዩትን ጥቃቅን ፍጥረታት የሚመረምረው ክፍል፥ ወይም ፍጥረት ከሚኖርበት ስፍራ ጋር ያለውን ዝምድና የሚያጠናው ሥነ ምህዳር ሊሆን ይችላል። የያዘው ክፍል ምንም ቢሆን ሁለት ነገሮች አይቀሩለትም፤ እነርሱም የምርምር ዘዴና የስታቲስቲክስ ትምህርት ናቸው። በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በተለመደው ደንብ አማካይ ውጤቱ ከ4 ነጥብ ቢያንስ 3 መድረስ አለበት፤ ከዚያ ቢያንስ ማዕርጉን አያገኝም።

ብዙ ሰዎች በስታቲስቲክስ ያጉረመርማሉ፤ «እኛ የመጣነው ስለ ሕይወት ልንማር ነው እንጂ ስለ ሒሳብ አይደለም» ይላሉ። ነገር ግን በአንድ ማሳ ሦስት ዛፍ ደርቆ ያየ ሰው፥ ነገሩ ድንገት የሆነ ወይም በሽታ የገባበት መሆኑን የሚለየው ቈጥሮና አነጻጽሮ ነው። ስንት ዛፍ መቍጠር እንዳለበት፥ ከየትኛው ማሳ መጀመር እንዳለበት፥ የሚመቸውን ብቻ መርጦ እንዳይቈጥር ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያስተምረው ይህ ትምህርት ነው።

የማዕርጉ ዋና ፍሬ ግን በሁለተኛው ዓመት የሚሠራው የምርምር ጽሑፍ ነው። የዚህን ጽሑፍ ጠባይ ለመረዳት የጎጃምን ቅኔ ቤቶች ማስታወስ ይበቃል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወግ የተማረ ባለ ቅኔ፥ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ሲወጣ የመምህሩን ቅኔ በቃሉ መያዙ ብቻ አያስመሰክርለትም፤ የራሱን ቈጥሮ ሊነግር ይገባዋል። ትናንት የተነገረው ዛሬ ተመልሶ አይነገርም። (ቃሉ «ቅኔ መዝረፍ» ቢባልም የሌላውን ሰው ቅኔ የዘረፈ በጉባኤው ፊት የሚያፍር ብቻ ነው።) የማስተርሱም ጽሑፍ እንዲሁ ነው፤ ትልቅ እንዲሆን አይጠየቅም፥ ከዚህ በፊት ያልታወቀ ነገር ጥቂትም ቢሆን እንዲይዝ ግን ይጠየቃል።

ሥራው የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። ተማሪው አማካሪ መምህር ይመደብለትና ሊመረምር ያሰበውን ነገር፥ ስለ ነገሩ ከእርሱ በፊት ማን ምን እንዳገኘ፥ በምን ዘዴና በስንት ጊዜ እንደሚሠራ፥ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስፈልገው ጽፎ ለትምህርት ክፍሉ ያቀርባል። ይህ ዕቅድ ሳይጸድቅ ወደ መስክ አይወጣም። መልካም ጥያቄ ከየት እንደሚገኝ ግን የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ያስረዳል። እርሳቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በሚፈሰው ውኃ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ ሸማ እንደሚያነጻ ያላወቀ ባላገር አልነበረም፤ የሞተውን ቀንድ አውጣ አይቶ «ምን ገደለው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልታወቀም ነበር። ከዚያ የተነሣው ምርምር ዓመታት ፈጅቶ፥ በ1989 እርሳቸውንና የሥራ ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን በስዊድን አገር የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አሸለማቸው።

የአዘና መምህር ጥያቄ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአዊ ዞን፥ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራልያ የመጣ የግራር ወገን ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አንድ ላይ ያሳድጉታል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቈርጠው ከሰል ያከስሉታል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል፤ ማሳውም ተመልሶ ጤፍ ይዘራበታል። አሲድ በበዛበት የደጋ አፈር ላይ ይህ ዛፍ ለብዙ ቤተ ሰብ የቤት መሥሪያና የልጅ ማስተማሪያ ሆኗል። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በስንዴ ላይ ከሚወርደው ዋግ ጋር ወገን የሆነ የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን መትቶ ብዙ ማሳ አጥፍቷል። የአንድ አገር ሰው ኑሮውን ባንድ ዐይነት ዛፍ ላይ ቢያቆም በሽታ ሲመጣ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንደሚጎዳ የተማረ ሰው አስቀድሞ ሊያስጠነቅቅ ይችል ነበር። በሽታው በየትኛው ወር እንደሚበረታ፥ በደጋና በወይና ደጋ ልዩነት እንዳለው፥ ሳይታመም የቀረው ዛፍ ምን እንደ ጠበቀው መመርመር ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚበቃ ብቻ ሳይሆን የሚተርፍ ሥራ ነው።

ሌላው የጥያቄ መዝገብ በየደብሩ ዙሪያ ያለው ደን ነው። በጎጃምና በጎንደር እርሻው ኰረብታውን ሁሉ ሲራቈት፥ ወይራው፥ ጽዱ፥ ዋንዛው፥ ዝግባውና ጥቍር እንጨቱ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ባደረጉት ጥናት 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። ካህናቱ ለጸሎትና ለክብር ሲሉ የጠበቁት ደን የሳይንስ ሰዎች ዘር የሚለቅሙበት ጎተራ ሆኖ መገኘቱ ታላቅ ነገር ነው።

በእንዲህ ያለ ደን የሚሠራ ተማሪ ውሎው እንደሚከተለው ነው። ገመድ ዘርግቶ በብዙ ጊዜ በየአቅጣጫው 20 ሜትር የሆነ መደብ ይለካል። በመደቡ ውስጥ ያለውን ዛፍ ሁሉ ስሙን በአገሬው ቋንቋ ጠይቆ ይመዘግባል፤ በአዊ አገር ደግሞ አዊኛውንና ዐማርኛውን ሁለቱንም ቢጽፍ የተሻለ ነው፤ አንዱ ቋንቋ ሁለት የሚለውን ዛፍ ሌላው አንድ የሚለው ጊዜ አለና። የግንዱን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ይለካል፤ የበቀለውን ችግኝ ይቈጥራል፤ ሽማግሌ ዛፍ ብቻ ኖሮ ችግኝ ከሌለ ደኑ ወራሽ የለውም ማለት ነውና። ከዚያም ቅጠሉን ከአበባው ወይም ከፍሬው ጋር ቈርጦ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ተጭኖ እንዲደርቅ ያደርጋል። (ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ ከሚውልባቸው ሥራዎች ሁሉ ይህ ሳይከበር አይቀርም።) የደረቀውንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ናሙና ጋር ያስተያያል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ፥ በሁለቱ አገሮች የሚገኙትን ወደ 6,000 የሚጠጉ ዕፅዋት አንድ በአንድ ስለ ገለጸ ለዚህ ሥራ መሪ ነው። ከሥራው ጀማሪዎች አንዱ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ሲሆኑ፥ ለፍጻሜ ካደረሱት መካከል ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ይገኛሉ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ተማሪው ለክርክር ይቀርባል። ከዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ፥ ከውጭም አንድ መርማሪ ጽሑፉን አስቀድመው አንብበው ይመጣሉ፤ ሰብሳቢም ይቀመጣል። ተማሪው ሥራውን በአጭር ጊዜ ያስረዳል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይጀመራል። ይህን መደብ ለምን መረጥህ? ይህ ቍጥር ከየት መጣ? ከእገሌ ግኝት ጋር ለምን ተለያየ? በሥራው የደከመ ሰው በዚህ ሰዓት ይታወቃል፤ ያልደከመውም እንዲሁ። መርማሪዎቹ ማዕርግ ሰጥተው ቢያሳልፉትም እንኳ የሚታረመውን ያመለክቱታል፤ ታርሞ ካልተረከቡት አይመረቅም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። በከተሞች ለገንዘብ ሲሉ የሌላ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ገዢም አላቸው። ጽሑፍ የገዛ የባዮሎጂ ምሩቅ የበሽታ ባለሙያ ተብሎ በተቀመጠበት ወንበር የገበሬው ማሳ ሲጠፋ ምን መልስ ይሰጣል? ይህን የሚያግደው ደንብ ብቻ አይደለም። አማካሪው ተማሪውን ተከትሎ መስኩን ቢያይ፥ መርማሪውም የመስኩን መዝገብ አምጣ ቢል ማታለሉ ብዙ አይዘልቅም፤ ጭቃ የነካውን መዝገብ በገበያ የሚሸጥ እስካሁን አልተሰማምና።

ጥፋቱ ግን ሁሉ የተማሪው ተደርጎ መቈጠር የለበትም። አንድ መምህር ሳምንቱን በሙሉ ሲያስተምር ሰንብቶ በክረምት ብቻ እንዲመራመር ቢታዘዝ፥ በጥቅምት የሚያብበውን ተክል በምን ቀን ያገኘዋል? ለምርምር የተፈቀደለት ጊዜ ከፍጥረት ጊዜ ጋር እንዲስማማ ማድረግ የሹማምንት ሥራ ነው። ወደ ደብሩ ለመግባት ፈቃድ ሲጠየቅም፥ የደብሩ አስተዳዳሪ ደብዳቤውን አይተው የሚያምኑትን ዲያቆን ወይም ሽማግሌ ቢያስከትሉለት፥ የዛፎቹም ስም ይገኛል፥ የተከለከለውም ስፍራ ይከበራል።

የተጠናቀቀው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ዛፉን ያስቈጠሩት ካህንና ማሳውን ያሳየው ገበሬ ግን ምን እንደ ተገኘ ሳይሰሙ ይቀራሉ። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከእያንዳንዱ ተመላሽ ምሩቅ የጽሑፉን አንድ ቅጂና በዐማርኛ ወይም በአዊኛ የተጻፈ የሁለት ገጽ ማብራሪያ እንዲረከብ ቢደነግግ፥ ቅጂው በአዘና ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ይቀመጣል፤ ማብራሪያውም በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ለሕዝቡ ሊነበብ ይችላል።