«ቡና ብለህ ሰይመህ ብቻህን ትጠጣለህ?»

አያቴ «ካርታ» የሚለውን ቃል አይወዱም። አንድ ቀን ሰንበት ወጥቶ ታናሽ ወንድሜ የጨዋታ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረግፍ «በቤቴ ቁማር?» ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው፤ በእሳቸው ዘመን ካርታ የያዘ ጎረምሳ የአባቱን ገንዘብ የሚያባክን ጎረምሳ ነበር። ወንድሜ ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በተሰባበረ አማርኛ «ሳፍታ፣ ገንዘብ የለበትም እኮ» እያለ ሊያስረዳ ሞከረ። እኔም እንደተለመደው መሃል ገብቼ አስተርጓሚ ሆንኩ።

እናንተም የልጅ ልጆቻችሁን እንዲህ ያለ ሳጥን ይዘው ስታዩ ያው ሐሳብ ይመጣባችሁ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ስለዚህ ጨዋታ፣ በተለይም የአሥራ አምስት ዓመቱ ወንድሜ በራሱ እጅ ሊጨምርበት ስለሞከረው አንድ ካርድ ላጫውታችሁ።

ጨዋታው እንዴት ነው?

ጨዋታው «ዶሚኒዮን» ይባላል። የፈለሰፈው ዶናልድ ኤክስ ቫካሪኖ የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ2008 ወጣ፤ በ2009 በጀርመን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸለመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጨዋታዎች የእሱን መንገድ ተከትለው ተሠርተዋል።

መንገዱ ይህ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አሥር ደካማ ካርዶች ይዞ ይጀምራል፤ ሰባቱ የመዳብ ሳንቲም፣ ሦስቱ ትንንሽ ርስት ናቸው። («ርስት» ብዬ ስተረጉም አያቴ ሳቁ። «እኛ እንኳ የሰው መሬት ነበር ያረስነው» አሉ።) በየተራው አምስት ካርድ ይይዛል። እጁ ላይ በገባው ሳንቲም ከጠረጴዛው መሃል የተሻለ ካርድ ይገዛል። የገዛው ግን ወዲያው አይጠቅመውም። ከተጣሉት ካርዶች ጋር ይቀመጥና ክምሩ አልቆ እንደገና ሲበወዝ ነው እጁ የሚገባው። ዛሬ የተዘራ ነገ ይታጨዳል እንደማለት ነው።

ጠረጴዛው ላይ አሥር ዓይነት የሥራ ካርዶች ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ሥራና የራሱ ዋጋ አለው። በመጨረሻ የሚያሸንፈው በመሬት ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ነው። ነገር ግን የመሬት ካርድ በጨዋታው መካከል እጅ ይሞላል እንጂ ምንም አይሠራም። ቶሎ የሰበሰበ ይከብደዋል፤ የዘገየ ይቀደማል።

የአንድ ሳንቲም ልዩነት

ይህን ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች የራሳቸውን ካርድ መሥራት ያምራቸዋል። ወንድሜም ጀበና ሣለና «ቡና» ብሎ ሰየመው። አማርኛ ማንበብ ስለማይችል ፊደሉን ከቡና ማሸጊያ ላይ ነው የገለበጠው። ወረቀት ላይ አትሞ፣ ቆራርጦ፣ አሥር አሮጌ ካርዶች ላይ አድርጎ በላስቲክ ሽፋን ከተታቸው።

የመጀመሪያው ቡና እንዲህ ነበር፤ ያወጣው ሰው ሁለት ካርድ ያነሣል፣ በዚያው ተራ ሌላ የሥራ ካርድ እንዲያወጣም ይፈቀድለታል። በጨዋታው ደንብ በአንድ ተራ የሚፈቀደው አንድ ሥራ ብቻ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውን አራት ሳንቲም አለው።

ዋናው ጨዋታ ውስጥ ግን «ቤተ ሙከራ» የሚባል ካርድ አለ። ሥራው ልክ ያው ነው፤ ዋጋው አምስት ሳንቲም ነው። አንድ ሳንቲም ምን ያህል ነው ትሉ ይሆናል። እስኪ እንቁጠረው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ተራዎች ሰባቱ መዳቦች ለሁለት ይከፈላሉ። ብዙውን ጊዜ አራትና ሦስት ሆነው ነው የሚመጡት። አምስትና ሁለት የሚሆኑት በአማካይ ከስድስት ጨዋታ በአንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ አምስት ሳንቲም የሚያወጣውን ካርድ ከመነሻው የሚያገኘው ዕድል የቀናው ነው። አራት የሚያወጣውን ግን ሁሉም፣ ሁልጊዜ ያገኘዋል።

እንደዚያው ሆነ። አራት ሆነን ተቀመጥን፤ ሁላችንም ቡና ላይ ተረባረብን። አሥሩም አለቀ። የቀሩት ዘጠኝ ዓይነት ካርዶች ሳይነኩ ቀሩ። ወንድሜ አሸነፈ፤ ግን ማናችንም «እንድገመው» አላልንም።

ርካሽነት ብቻውን ጥፋት አይደለም። «ጸሎት ቤት» የሚባለው ካርድ ሁለት ሳንቲም ብቻ ያወጣል። ሥራው የማይረቡ ካርዶችን፣ በአንድ ጊዜ እስከ አራት ድረስ፣ ለዘለቄታው ማስወገድ ነው። ከጨዋታው ብርቱ ካርዶች አንዱ ነው፤ ሆኖም ለአንድ ሰው አንዱ ስለሚበቃው ጨዋታውን አያበላሽም። የወንድሜ ቡና ግን በበዛ ቁጥር የሚጣፍጥ ነበር። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

የአያቴ ጥያቄ

አያቴ ቡናቸውን እየቆሉ ከጥግ ሆነው ያዩን ነበር።

«ይህ ያንተ ቡና ምን ያደርጋል?» አሉት።

«ሁለት ካርድ ይሰጠኛል።»

«ለሌሎቹስ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ቡና ብለህ ሰይመህ ብቻህን ትጠጣለህ?»

ወንድሜ ዝም አለ። በሳምንቱ አዲስ ወረቀት አትሞ መጣ። አሁን ቡና ያወጣ ሰው ሁለት ካርድ ሲያነሣ፣ ሌሎቹ ተጫዋቾችም አንድ አንድ ያነሣሉ። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ በዋናው ጨዋታ ውስጥም «የምክር ቤት» የሚባለው ካርድ ለባለቤቱ አራት ካርድ ሲሰጥ ለሌሎቹ አንድ አንድ ያካፍላል።

አንድ ቡና ሲወጣ ጥሩ ሆነ። ሁለትም ደህና ነው። ከዚያ ወንድሜ በአንድ ተራ አምስት ቡና ደረደረ፤ እኔም አምስት ይዤ ስጠብቅ አሥር ካርድ ሆነልኝ። ተራዬ ሲደርስ ስምንት ሳንቲም የሚያወጣውን ትልቁን መሬት ገዛሁ። እሱ ደከመ፣ እኔ በላሁ። በሚቀጥለው ጨዋታ ቡናውን የነካ የለም። ከመጠን በላይ የበረታ ካርድ ሌሎቹን ይገድላል፤ ከመጠን በላይ የደከመ ራሱ ይሞታል።

ወንድሜ ተናዶ ካርዶቹን ሊቀዳድድ ነበር። አያቴ ናቸው የያዙት።

«ስንት ስኒ ነው የምታጠጣቸው?»

«ካርዱን እስካወጣሁ ድረስ።»

«ይህ የት አገር ነው? አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከዚያ በኋላ እንግዳ መርቆ ይነሣል።»

ይህን መተርጎም አላስፈለገኝም። ወንድሜ እስክሪብቶ አንሥቶ ከካርዱ ግርጌ አንድ መስመር ጨመረ፤ እጁ ላይ ስምንት ካርድ ያለው ተጫዋች አይጨመርለትም። አምስት የራሱ፣ ሦስት የግብዣ። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ይጠጣሉ፤ ከሦስተኛው በኋላ ያለው ለደከመበት ነው።

ሥራው አላለቀም። አራት ሆነን ስንጫወት የሚጋበዙት ሦስት ናቸው፤ ሁለት ስንሆን ግን አንድ ብቻ። ስለዚህ ያው ካርድ በአንዱ ጠረጴዛ ይከብዳል፣ በሌላው ይቀላል። ወንድሜ አሁን ይህንን እየፈተነ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቀይረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሁለት ነገር ከቀየርኩ የትኛው እንደጠቀመኝ በምን አውቃለሁ?» ይላል። ደብተር ላይ ማን እንዳሸነፈና ስንት ቡና እንደተገዛ ይጽፋል። የተሸነፈው ሰው «እንድገመው» ማለቱንም ይጽፋል።

አያቴ አሁንም አይጫወቱም። ሰንበት ሲወጣ ግን ጀበናቸውን ይዘው አጠገባችን ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ቡና ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ከማናችንም ቀድመው «በረካ!» ይላሉ፤ ወንድሜም እጁን ከክምሩ ላይ ያነሣል።